የወረቀት ፍቺ

«አባታችሁ የት ነው ቢሏችሁስ?»

«የለም!» አለ ቃለ አብ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ ሳይውጥ።

«የለም አይባልም፤ የሞተ ያስመስላል» አለች እናቱ አስካለማርያም ደንግጣ። «‹ከእኛ ጋር አይኖርም› ነው የሚባለው። ማኅደር፣ እስቲ አንቺ አሳዪው።»

ማኅደረማርያም አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ውስጥ መጋረጃ ከመሳብ ያለፈ ሥራ ተሰጥቷት አያውቅም፤ ለምን እንደሆነም ወዲያው ታየ። «አባታችን ከእኛ ጋር አይኖርም» አለች፣ የአየር ጠባይ ዜና እንደሚያነብ ሰው።

«ምነው እንዲህ ደረቅሽ? ትንሽ ከፋ ይበልሽ እንጂ!»

«ውይ እማዬ! ፊልም አደረግሽው እኮ።»

ሦስቱም ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ማክሰኞ የቤት ኮሚቴ ሊጎበኛቸው ነው። ከደብረ ብርሃን ዳር ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሠሩት ቤቶች ዋጋቸው ከደመወዝ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚከፈል ነውና፣ የፋብሪካ ወለል ለምታጸዳ እናትና የሰው ሚኒባስ ለሚነዳ አባት ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣም። ሁለት ጊዜ ተመዝግበው ሁለቴም አልደረሳቸውም። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ቅድሚያ ይሰጣል የሚለውን ወሬ ይዞ የመጣው የማኅደር አባት ወርቅአገኘሁ ነበር። መላውን የዘየደውም እሱው ነው፤ በወረቀት እንፋታ፣ ቤቱ ሲወጣ እንደገና እንጋባለን አለ።

አስካለማርያም መጀመሪያ አማተበች። ኋላ ግን ራሷን የምታጽናናበት አገኘች። «ፍርድ ቤቱ ያፈረሰው ወረቀቱን ነው። እኛ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ ቁርባን በማኅተም አይፈርስም» ትላለች። ከፍርድ ቤት ሲወጡ ወርቅአገኘሁ ቀለበቷን ከጣቷ አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ «አዲሱ ቤታችን በር ላይ ቆሜ አጠልቅልሻለሁ» አላት። ይኸው ዓመት አለፈው። እሱ ጫጫ ከተማ፣ ብርሃነ መስቀል ከሚባል ሹፌር ጓደኛው ጋር ያድራል፤ እነሱ ደግሞ ማንም ወደማያውቃቸው ሰፈር ገብተው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። እሁድ እሁድ ሲመጣ ቃለ አብ «አጎቴ» ብሎ እንዲጠራው ተነግሮታል። የስድስት ዓመት ልጅ ነውና ጨዋታ መስሎት ወዶታል።

ማኅደር ይህን ሁሉ የቻለችው ለቤቱ ስትል ነው። አከራያቸው እትዬ ወለተሐና የግቢውን ቧንቧ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ካልሲ ለማጠብ እንኳ ፊታቸውን አይቶ መጠየቅ አለ። ማኅደር ሰፊ ሳሎን አልተመኘችም። ማንንም ሳታስፈቅድ የምትከፍተው ቧንቧ ብታገኝ ይበቃታል።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቤት ውስጥ የቀረ የወንድ ዕቃ እየለቀመች ፌስታል ውስጥ ጨመረች፤ ጃኬት፣ ጫማ፣ የጢም መላጫ። «ይሄ ከታየ አለቀልን። ስልኩ ደግሞ አይነሳም። ጫጫ ሂጂና መናኸሪያው ላይ ለእሱ ወይ ለብርሃነ መስቀል ስጪልኝ» አለቻት። ማኅደር በሩ ጋ ስትደርስ ጠራቻት። «ባናውን ይለብሰው እንደሆነም ጠይቂልኝ።»

ባናው ለሠርጓ ከመንዝ የመጣላት ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ጫጫ ይበርደዋል ብላ ለእሱ ሰጥታው፣ ራሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር አንድ ስስ ብርድ ልብስ ትጓተታለች።

ጫጫ መናኸሪያ የጠየቀችው ተራ አስከባሪ ደግ ሰው ነበር። «ወርቄን? ጭኖ ወጥቷል፤ አሁን ይመለሳል። እዚህ ብርድ ላይ ከምትቆሚ ቤቱ ሂጂ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው። ባለቤቱ አለች።»

«ባለቤቱ?»

«ሠናይት ናታ! ዘመዳቸው አይደለሽም እንዴ?»

ሰውዬው ተሳስቷል ብላ ሄደች። ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ባናውን ነው። አጥሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ጥግ ላይ እናቷ በአረንጓዴ ክር የጣፈችው ሳይቀር ይታያል። ቀጥሎ በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ወገቧን ይዛ ወጣች። ሆዷ ገፍቷል።

«ወርቅአገኘሁ እዚህ ነው የሚኖረው?» አለች ማኅደር።

«አዎ። ማን ልበል?»

«ልጁ ነኝ።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ማኅደር! እንኳን መጣሽልኝ! ከእናትሽ ጋር ከተፋቱ ወዲህ ልጆቼ ራቁኝ እያለ ሲያዝን ነው የሚውለው። ግቢ እንጂ የኔ እህት! ይሄም እኮ» ሆዷን ዳበሰች፣ «የእናንተው ነው።»

ማኅደር ልትጠላት ፈለገች፤ አልሆነላትም። እሷም የተነገራትን አምና የተቀመጠች ሰው ናት።

አባቷ የደረሰው ያኔ ነው። ክንዷን ይዞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወሰዳት። ደኅና ነሽ ወይ እንኳ አላላትም።

«ማን ነው እዚህ የላከሽ?»

«እማዬ። መላጫህን አምጥቼልህ ነው።» ፌስታሉን ዘረጋችለት።

«ስሚኝ፣ እንደምታስቢው አይደለም።»

«እርጉዝ ናት እኮ አባዬ!»

ወርቅአገኘሁ ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ በይ። ሁሉን ራሴ እነግራታለሁ፤ ግን ቤቱ ይውጣ። እስከዚያ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። አሁን ከሰማች ኮሚቴው ፊት መቆም አትችልም፣ የዓመት ልፋታችን ገደል ይገባል። ቤቱን ትፈልጊዋለሽ አይደል?»

«ቀለበቷስ?»

እጁን ኪሱ ከተተ። ባዶውን አወጣው።

ማኅደር ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ከሁሉ ያንገበገባት እሁዶቹ ናቸው። ቃለ አብ «አጎቴ» ሲለው ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። እነሱ ለኮሚቴው የሚዋሹትን ሲያጠኑ እሱ ለእነሱ ይዋሽ ነበር። ሞኝ አድርጓቸዋል። አሁን ደግሞ እሷንም የውሸቱ ሸሪክ ሊያደርጋት ነው፤ ዋጋውም ያ የምትመኘው ቧንቧ ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ ቀና አለች። «ባናውን ይለብሰዋል?»

«አዎ።»

«ይመቸው» አለች አስካለማርያም፣ ከልቧ ደስ ብሏት። ማኅደር ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ እዚያው ጠፋባት።

በማግስቱ እሁድ አባቷ ሳይመጣ ቀረ። ማክሰኞ መነጽር ያደረገች ሴትዮና ፋይል የያዘ ወጣት ከኮሚቴው መጡ። ሴትዮዋ ክፍሏን ቃኘች፣ አስካለማርያምን ስለ ሥራዋ ጠየቀች፣ ከዚያ ወደ ቃለ አብ ጎንበስ አለች። «ጎበዝ፣ አባትህ የት ነው?»

«ከእኛ ጋር አይኖርም!» አለ ቃለ አብ እንደተማረው። እናቱ እፎይ ስትል፣ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረ። «አጎቴ ግን እሁድ እሁድ ይመጣል። ድሮ አባቴ ነበር።»

የወጣቱ እስክሪብቶ ቆመ። የአስካለማርያም ፊት አመድ መሰለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«አባታችንን ነው» አለች ማኅደር። ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «እሁድ ሊያየን ይመጣል። የሚኖረው ጫጫ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ሌላ ሚስት አለችው። ልትወልድ ነው። የእናቴን ባና አጥራቸው ላይ አሰጥተውታል። ሄጄ አይቻለሁ…» ድምጿ ተሰበረና መቀጠል አቃታት።

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለች። ስትወጣ አስካለማርያምን እጇን ያዝ አደረገቻት። «ውጤቱ ሲለጠፍ ታዪዋለሽ። በእኛ በኩል ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም።»

የግቢው በር እስኪዘጋ አስካለማርያም ትንፋሿን ውጣ ቆየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ እትዬ ወለተሐና እንዳይሰሟት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ! ሌላ ሚስት ከየት አመጣሽለት? ደግሞ ልትወልድ ነው! ባናዬን ሳይቀር! እኔ ራሴ አመንኩሽ እኮ! እነዚያ አስተማሪዎችሽ ምን ነክቷቸው ነው መጋረጃ የሚያስጎትቱሽ?» ስልኳን አነሳች። «ቆይ ለአባትሽ ልደውልለት። በሳቅ ነው የሚሞተው።»

በእርግጥም ይስቃል። ማኅደር ሳቁን ከወዲሁ ሰማችው። ጎበዝ ልጄ ይላታል፣ እናቷም ትስቃለች፣ እሁድም ይመጣል። እሷ ዝም ካለች ቤቱ እስኪወጣ እንዲህ እየሳቁ ይከርማሉ። ከተናገረች ደግሞ ነገ እናቷ ኮሚቴው ጋ ሄዳ ምን እንደምትል ማን ያውቃል።

«ቃለ አብ፣ ውጣና ተጫወት» አለች።

«ይበርዳል።»

«ውጣ አልኩህ።»

በሩን ከኋላው ዘጋችው። ተመልሳ የእናቷን እጅ ከነስልኩ ያዘች።

«አትደውዪ፣ እማዬ። መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

አስካለማርያም ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።