ከአልበሙ የወጣችው ዘፈን

ዘፋኟ መጀመሪያ ወደ ፀጉር ቤቱ የወረደችው ልትጣላ ነበር። ስቱዲዮው ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ወለሏ ሳንቃ ስለሆነ የታችኛው ቤት ራዲዮ ድምፅ ሽቅብ እየወጣ ቀረጻዋን ያበላሽባታል።

«ወንድሜ፣ ራዲዮህ ዘፈኔ ውስጥ ገብቶ ዜና እያነበበ ነው» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን አንገት ለቀቅ አድርጎ አያት። «ጥሩ አንባቢ ነው? ካልሆነ ላስወጣው።»

ሳትፈልግ ሳቀች። እሱም ራዲዮውን ዘጋው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ላይ ቤት ካለች አልከፈተውም።

ብቸኛ ነበረች። ሙዚቃን ከመረጠች ወዲህ ቤተሰቦቿ ፊት ነስተዋታል፤ እህቷ ብቻ አልፎ አልፎ ተደብቃ ትደውልላታለች። ዘፈኖቿን የምትጽፈው ሌሎች ሰዎች ከሚኖሩት ኑሮ ለቅማ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ከሰማችው ጭቅጭቅ፣ በሰው መስኮት ካየችው እራት። የራሷ የምትለው ነገር እምብዛም አልነበራትም።

አሁን ግን ቀረጻ ሲያልቅ የምትወርድበት ቤት አገኘች። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መስታወቱ ፊት ትቀመጣለች፤ እሱ መቀሶቹን እየወለወለ ያጫውታታል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ቀድሞ የሚሸሸው ሁልጊዜ እሱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የእናቱን ነገር አነሳላት።

«ማስታወስ ተስኗታል። በሞተው ወንድሜ ስም ነው የምትጠራኝ።»

«አንተስ ምን ትላታለህ?»

«አቤት እላታለሁ፤ ምን ልበል? እሱ ሲመጣላት ደስ ይላታል።» መቀሱን አስቀመጠና፣ «እኔ የት እንደሄድኩ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም» አላት።

ልትነካው እጇን ዘረጋች። ደንበኛ ገባ።

ያንን ንግግር ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ሳይመሽ ግጥሙም ዜማውም ሆነላት። ስትቀዳው የአልበሟ አቀናባሪ እንባውን ጠረገ፤ ደስታውን መቆጣጠር ቢያቅተው በትልቁ ስፒከር ለቀቀው። ወለሉ ሳንቃ መሆኑን የረሳው እሱ ብቻ አልነበረም።

ስትወርድ ፀጉር አስተካካዩ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆሟል።

«ያንን የነገርኩት ላንቺ ነበር» አላት። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ስምህን አልጠራሁም እኮ...»

«እናቴ አለችበት።»

«ያማረ መስሎኝ ነው።»

«አምሯል። የባሰውም እሱ ነው።»

በማግስቱ ዘፈኗ ከአልበሙ እንድትወጣ አለች። አቀናባሪው ራሱን ያዘ። «አብደሻል? የአልበሙ ነፍስ እኮ እሷ ናት!»

«የሰው ነፍስ ናት፤ አትሸጥም።»

ይህን ልትነግረው ስትወርድ ግን ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል። የእናቱ ሕመም ጠንቶበት እህቱ ወዳለችበት ከተማ ይዟት እንደሄደ የጎኑ ባለሱቅ ነገራት። ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ተወችው።

አልበሙ ወጣ፤ ተወደደም። ታክሲ ውስጥ የገዛ ድምፅዋን እየሰማች፣ ከማያውቋት ሰዎች መሀል ተጣብቃ ትሄዳለች። ጋዜጠኛ «ለዘፈኖችሽ መነሻ የሆነሽ ማን ነው?» ሲላት «መንገድ ላይ የማገኘው ሁሉ» ብላ ታልፋለች። ቤቷ ስትደርስ መብራቱን የምታበራው ራሷ፣ የምታጠፋውም ራሷ ናት።

ዝናብ በያዘው አንድ እሁድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ።

«አልበምሽን ሰማሁት» አላት ፀጉር አስተካካዩ። «ከዳር እስከ ዳር። ያቺን ዘፈን ፈልጌ አጣኋት።»

«አወጣኋት። እናትህስ?»

«አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ለእሷ የሞተው ወንድሜ ነበርኩ። አሁን እህቴም ‹ወንድምዓለም› ነው የምትለኝ፤ ደንበኛውም ‹ጌታው›። ስሜን ከሰማሁ ቆየሁ።»

ዘፈኗን ልትዘፍንለት አስባ ነበር፤ ተወችው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስሙን ጠራችው፤ የገዛ ስሙን፣ ቀስ ብላ።

የዘጋው መስሏት ደግማ ጠራችው።

«ወዬ» አላት።