የወለተ ማርያም ዐይን

ፍቅራቸው የጀመረው በትውከት ነው። ይህን ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር አይፈረድበትም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ከትውከት የባሰ ያስጸይፋል።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ኮምቦልቻ ነርስ ሆና የምትሠራው ጽናት ገብሬ ከደሴ በሚኒባስ ትወርድ ነበር። የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሆዷ ተገለበጠ። ከጎኗ የተቀመጠው የማታውቀው ወጣት የያዘውን ፌስታል ዘርግፎ አፏ ሥር ደቀነላት። ብርቱካኑ በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ።

«ወንድሜ፣ ብርቱካኑን ማን ሊለቅመው ነው?» አለ ረዳቱ።

«እሷ ትዳን እንጂ ብርቱካንስ ኮምቦልቻም ሞልቷል።»

ጽናት ከኀፍረት የተነሳ ቀና ማለት አቃታት። ወጣቱ ፌስታሉን ቋጥሮ፣ ቅንጣት ሳይጸየፍ፣ እስኪወርዱ ድረስ በእጁ ያዘው። እንድርያስ ይባላል፤ ሐኪም ነው።

ያንን የማይጸየፍ እጅ ወደደችው። ሁለቱም ወንጌላውያን ስለነበሩ እሁድ እሁድ ደሴ ላይ ከአምልኮ በኋላ ወደ ፒያሳ አብረው ይወርዳሉ፤ በረባ ባልረባው ይሳሳቃሉ። መለያያቸው ሲደርስ ግን ወሬው ያልቅባቸውና አንዱ የሌላውን ጫማ እያየ ይቆማል።

ክረምቱ ሲወጣ እንድርያስ ከውጭ አገር ገንዘብ የተገኘለትን የዐይን ጥናት ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ኩታበር ውስጥ ይመራ ጀመር። ጽናትንም እዚያው አስቀጠራት። ትራኮማ የያዛቸው ገበሬዎች ቅባት ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ባዶ ቅባት። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ነርሷም አያውቁም። የታወቀው የትራኮማ ቅባት፣ ቴትራሳይክሊን፣ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል፤ በጥናቱ ለገባ ሰው መስጠት ክልክል ነው። ለምን ቢባል፣ አዲሱ መድኃኒት ከባዶ ጋር ሲወዳደር ያምርበታላ! ገበሬዎቹንም «ተሳታፊ» ይሏቸዋል። በምን እንደተሳተፉ የማያውቁ ተሳታፊዎች!

ወራት አለፉ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም የሚባሉ ገበሬ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዐይናቸውን ይፍቀዋል፤ እሳቸውም በወረንጦ ይነቅሉታል። መግሉ ጉንጫቸው ላይ ደርቆ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«እትዬ፣ እየባሰብዎት እኮ ነው» አለች ጽናት። «የሚወስዱት ባዶው ሊሆን እንደሚችል ነግረውዎታል?»

«ባዶ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«መድኃኒት የሌለበት።»

ሳቁ። «ወግጂ! ሐኪም የሚያህል ሰው መድኃኒት የሌለው ቅባት ይሰጣል?»

«ታዲያ ሲፈርሙ ምን አሉዎት?»

«የነፍስ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ‹ሐኪሞች መጥተውላችኋል፣ ሁላችሁም ጣታችሁን አኑሩ› አሉ፤ አኖርን። የነፍስ አባቱን እንቢ የሚል ማን አለ?»

ጽናት በቀጥታ ወደ እንድርያስ ሄደች። መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኘችውና የሰማችውን ነገረችው።

«ጥናቱን ያጸደቀ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ ጽናትዬ» አላት። «ቄሱን አስቀድመን ማነጋገራችንን እንዲያውም ባህል አከበራችሁ ብለው አመስግነውናል።»

«ቄሱስ ባዶ መኖሩን ያውቃሉ?»

የመኪናውን በር ሊከፍት ዞረ።

«እሳቸውንም አታላችኋቸዋላ!»

«ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ለሁሉም ይሰጣል።»

«ዐይን ጥናት እስኪያልቅ ይጠብቃል? ይህን ነገር በገንዘብ ሰጪዎቹ አገር ትሠራዋለህ?»

«እዚያ አይፈቀድም» አለ ቀስ ብሎ።

«እዚህስ ሲሆን ምን ሆነን ነው?»

እጇን ሊይዝ ተጠጋ። «ቅዳሜ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቼ...»

«አትንካኝ!»

ያንን የወደደችውን እጅ ተጸየፈችው። አላዋቂ ቢሆን ይቅር ባለችው ነበር። እሱ ግን እያወቀ ነው ያታለላቸው፤ ያውም በጨዋ ቃላት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አባቷ ቤት መጡ። ጋሽ ገብሬ እንደ ወንጌል አማኞቹ ልማድ ልጃቸውን ጠርተው በሽማግሌዎቹ ፊት ፈቃዷን ጠየቁ። ጥያቄው ለወግ ነው፤ ልጅቱ አንገቷን ትደፋለች፣ ዝምታዋ እሺታ ይሆናል፣ ጸሎት ይደረጋል።

ጽናት አንገቷን አልደፋችም።

«አባዬ፣ እወደዋለሁ። ግን አላገባውም። እናንተ እኔን ጠይቃችሁኛል፤ እሱ የኩታበርን ሰው አልጠየቀም። ይሂድና ባዶ መኖሩን በገዛ አፉ ይንገራቸው። እስከዚያ ስሙን ቤታችን አታንሱብኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ልጄ፣ የመጣነው ለጋብቻ ነው ወይስ ለጤና ቢሮ ስብሰባ?»

«ለጋብቻ ነው ጋሼ። ከእሱ ጋር የሚኖሩት እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ገብሬ ሳቃቸውን ለመደበቅ ሳሉ።

እንድርያስ ለመወሰን ሁለት እሁድ ፈጀበት። በሦስተኛው ኩታበር ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ባዶ ቅባት መኖሩን ተናገረ። ጽናት ከቅጥሩ ውጭ ሆና ሰማችው።

«በኔ አፍ ነው ያታለልካቸው!» ብለው ቄሱ ጮኹበት። ሰዉ «ስማችንን ፋቁልን» እያለ ተንጫጫ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ጥናቱን ዘጉ፤ እንድርያስን ይጠብቀው የነበረ የውጭ ትምህርትም በዚያው ቀረ። ቴትራሳይክሊኑ ለሁሉም ታደለ።

ለወይዘሮ ወለተ ማርያም ግን ረፍዶ ነበር። የደረሳቸው ባዶው ሆኖ ተገኘ። ቀኝ ዐይናቸው ነጭ ሆኗል፤ አያይም።

እንድርያስ ጽናትን ይዞ ቤታቸው ሄደና ደጃፋቸው ላይ ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

በዚያ አገር ለዚህ ቃል መልሱ አንድ ነው፤ «እግዜር ይቅር ይበልህ»። ሌላ መልስ አይታወቅም። ወይዘሮ ወለተ ማርያም በቀረቻቸው ዐይን አዩት።

«እየጠየቅኸኝ ነው?»

«አዎ እናቴ።»

«እንቢ ማለት እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

«እንግዲያው እንቢ።»

በሩን ዘጉበት።

ቁልቁል ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ እንድርያስ አለቀሰ። ጽናት እንባውን አልጠረገችለትም፤ ይገባዋል። አልቅሶ እስኪጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችውና ተነሥታ እጁን ያዘችው።

«‹ይችላሉ› ስትላቸው ሰማሁህ» አለችው። «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው።»