የታጠቡት ነገሥታት

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጭቃ መጠንከር በጀመረበት ሰሞን፣ በግምጃ ቤቱ የምሥራቅ ግንብ ላይ አንዲት መስኮት ተከፈተች። የብረት ፍርግርግ ተገጥሞላት፣ ከሥሯም ገዢ ክርኑን የሚያሳርፍበት ሰፊ ጣውላ ተበጅቶላት ነበር፤ ከበላይዋም በወርቅ ቀለም «የነገሥታት ገንዘብ ለሕዝብ» የሚል ጽሕፈት ተንቆጥቁጦ ይታይ ነበር። ጦርነቱ የመንግሥቱን ካዝና አራቁቶት ስለ ነበረ፣ ከሹማምንቱ ሁሉ ገንዘብ የሚገኝበትን ዘዴ የሚያመጣ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ዘዴውን ያመጣው የግምጃ ቤቱ ሹም ነው። ሰውዬው የሻለቃ ማዕረግ ነበረው፤ ጦር ሜዳ ግን እግሩ አልረገጠም፤ ኒሻኖቹን ያገኘው ለጦር ሜዳው ስንቅ በመፈረም ነው።

በምድር ቤቱ፣ ከገበያ ከተሰበሰበ የሰው ዕድሜ ያለፈው የብር ሳንቲም በጆንያ ተከምሮ ነበር። ሌሎቹ ሹማምንት ይቅለጥ አሉ። ሻለቃው ግን አንዱን በጣቶቹ መካከል አገላብጦ፣ «ብናቀልጠው ብር ነው፤ እንዲሁ ብንሸጠው ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ በሚዛን አይሸጥም» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ።

ሻለቃውን ግን አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኘው። ሳንቲሞቹ ጠቁረዋል። «የንጉሥ ፊት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ለሕዝብ አይቀርብም» ብሎ አዘዘ፤ ስለዚህ በምድር ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሴቶች ተቀጠሩ፤ በሎሚና በአመድ፣ በሱፍ ጨርቅም እያሹ ነገሥታቱን አንድ በአንድ አጠቧቸው። ታጥቦ የነጣው ሳንቲም ቀይ ከፋይ በተለበጠ ትንሽ ሣጥን ይተኛል፤ መስታወት ይከደንበታል፤ በመጨረሻም የግምጃ ቤቱ ማኅተም በሰም ይታተምበታል። ዋጋውን የሚቆርጠው ሻለቃው ነበር። ገበያውን ያማከረ የለም።

በዚያ ጣውላ ላይ ክርናቸውን ካሳረፉት ሁሉ ታማኙ ኮርቻ ሰፊው ነበር። ሱቁ ከፈረሰኛው ጦር ሰፈር ጀርባ፣ አባቱም ዕድሜ ልኩን የሠራበት አንድ ክፍል ሲሆን፣ የቆዳና የሰም ሽታ ከግድግዳው ጋር የተዋሐደ፣ መካከሉም ላይ ኮርቻ የሚለካበት ከባድ የእንጨት ፈረስ የቆመበት ነበር። አባቱ ለአሮጌው ንጉሥ ፈረሰኞች ሲሰፋ ከተከፈለው የመጀመሪያ ገንዘብ አንዱን ሳንቲም ሳያጠፋ አኑሮ ለልጁ አውርሶታል፤ ልጁም ያንን ጥቁር ሳንቲም በቆዳ ከረጢት አድርጎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። የሰውዬው የአሮጌ ገንዘብ ፍቅር የጀመረው ከዚያ ነው። መስኮቷ ስትከፈት ፍቅሩ ዋጋ ወጣለት፤ ዋጋውም ለአንድ ሣጥን አንድ ሙሉ ኮርቻ ነበር።

አንድ ኮርቻ ሰፍቶ ሲያስረክብ የወሰደውን ይዞ ወደ መስኮቷ ይሄዳል፤ ሌላ ሣጥን ይዞ ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚቀበለው የሚስቱ ምላስ ነው።

«ደግሞ አመጣህ?» ትለዋለች። «ሰው ኮርቻ ይሰፋል፣ እህል ይገዛል። አንተ ኮርቻ ትሰፋለህ፣ ንጉሥ ትገዛለህ። የሚበላ ንጉሥ የላቸውም እንዴ?»

«አንቺ ሴት፣ ይህ እኮ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ማኅተሙን አታዪውም? መንግሥት ዋጋውን ሳያውቅ ይሸጣል?»

«እሱማ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ነህ።»

ይስቃል። ሳቁ የእምነት ሳቅ ነበር፤ ሣጥኖቹንም በሱቁ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ፣ ለሚመጣ ፈረሰኛ ሁሉ ያሳያል። ለክር የሚሆነውን ሰም የሚያመጣለት ወጣቱ ሻማ ሠሪ እንኳ በዚሁ ትምህርት ተለክፎ፣ «ጋሼ፣ እኔም ጀመርኩ» ብሎ የመጀመሪያ ሣጥኑን ሊያሳየው መጥቶ ነበር። ኮርቻ ሰፊው ልጁን አቅፎ ሳመው።

እንዲህ እያለ ሳለ ሱቁን የሚያከራዩት ባለቤት፣ የሟቹ ጄኔራል ሚስት፣ አንድ ቀን ጠዋት በሠረገላ መጥተው ከደጁ ቆሙ። ጄኔራሉ ከጦርነቱ አልተመለሱም፤ ጡረታቸውም በተራቆተው ካዝና ውስጥ ሟሙቶ ቀርቷል፤ እመቤቲቱ የመንገዱን ሱቆች ሁሉ ለጨርቅ ነጋዴ ሊሸጡ ተስማምተዋል።

«አባትህ የባለቤቴን ኮርቻ ሰፍቶለታል» አሉት፤ «ስለዚህ ለዚህች ሱቅ ቅድሚያው ያንተ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣ። ካለፈ ግን እኔም የሚጮሁ አበዳሪዎች አሉብኝ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ምን ቆርጦኝ እቀየማለሁ እመቤቴ!» አለ፤ ፊቱ ፈክቶ። «ገንዘቡ ተቀምጧል።»

አልዋሸም፤ በመስኮቷ ዋጋ ሲታሰብ ሣጥኖቹ ሱቁን ገዝተው ይተርፉ ነበር። በዚያው ቀን ሣጥኖቹን በኮርቻ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ ሄደ። በመስኮቷ ያለው ጸሐፊ ደንበኛውን አይቶ ተነሣ።

«እንዴት ሰነበቱ አባባ! አዲስ ወጥቷል፤ ዘውድ የሌለው ንጉሥ ነው፤ ላስቀምጥልዎ?»

«የለም ልጄ፣ ዛሬስ ልመልስ ነው የመጣሁት። ሱቄን ልገዛ ነው።»

«ምኑን ነው የሚመልሱት?»

«እነዚህን። ከዚሁ ነው የገዛኋቸው፤ ማኅተሙም አልተነካም።»

ጸሐፊው በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «መግዛትዎንማ ማን ይክዳል? ግን አባባ፣ ይህ መሸጫ ነው። መንግሥት ይሸጣል እንጂ አይገዛም። ውጭ ይጠይቁ፤ ማኅተም ያለበትን ማን ይጠላል?»

ውጭ ጠየቀ። በብረታ ብረት ሠሪዎች መንገድ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ የአሮጌ ገንዘብ ነጋዴ የሆነች መበለት ነበረች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ላይ ማጉያ መስታወት እየሰካች ዕድሜዋን የፈጀች። ሣጥኑን ከፍታ ሳንቲሙን ባየች ጊዜ ማጉያውን እንኳ አላነሣችም።

«ማን አጠበው?» አለች።

«ከግምጃ ቤቱ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው እህቴ።»

«መቼ አጣሁት! በየሳምንቱ ነው የሚያመጡልኝ። ወንድሜ፣ ጥቁረቱ እኮ ዕድሜው ነበር፤ አሮጌ ገንዘብ የሚገዛ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ይህ ቆዳው የተገፈፈ ነው። ለአንጥረኛ ነው የምሰጠው፤ እኔም የምገዛህ በሚዛን ነው።» ሚዛኑ ላይ ጣል አድርጋ ዋጋውን ነገረችው፤ የአንድ እርካብ ጠፍር ዋጋ ነበር።

«በአንድ ኮርቻ ነው እኮ የገዛሁት!»

«ሳይታጠብ ከእኔ ብትገዛው በአንድ ልጓም ትወስደው ነበር። ምነው ያኔ በዚህ አላለፍክም?»

«የመንግሥት ስለ ሆነ...» አለ።

ከዚያም የመጨረሻ ተስፋውን ከደረት ኪሱ አወጣ። መበለቲቱ የአባቱን ሳንቲም ከከረጢቱ ተቀብላ ማጉያውን ዓይኗ ላይ ሰካች፤ ወደ ብርሃኑ ተጠጋች፤ ብዙ ቆየች።

«ይህንንም ከመስኮቷ ነው የገዛኸው?»

«የአባቴ ነው።»

«እሱንስ ማን አጠበው?»

ኮርቻ ሰፊው ባዶውን ከረጢት በጣቶቹ አጠፈ። ፈረሰኞች ያረጀ ኮርቻቸውን በሳሙና ፈግፍገው ሲያመጡለት፣ «የቆዳውን ነፍስ ገደላችሁት፤ ይህን ወዝ ያመጣው የሰው ጭንና የፈረስ ላብ ነው!» ብሎ የሚጮህ፣ ሥራም አልቀበልም ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር። ነገር ግን ሦስተኛውን ሣጥን በገዛ ዕለት የአባቱ ሳንቲም ከሚያበሩት አጠገብ ሲቀመጥ ጠቁሮ፣ ጎስቁሎ፣ የድሃ ዘመድ መስሎ ታየው፤ አፈረበትም፤ ሎሚ ቆርጦ፣ አመድ ነስንሶ፣ በገዛ እጁ እንደ እነርሱ እስኪያበራ አሸው። ያን ቀን ተደስቶ ነበር።

መበለቲቱ መልሱን ከፊቱ አነበበች። «የመጀመሪያው ምት ነው፤ የማተሚያው ቅርጽ ገና አዲስ ሳለ የወጣ» አለች፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «እንደዚህ ያለ ከሥራዬ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ሁለት ነው ያየሁት። ሳትነካው ብትተወው የሱቅህን ግማሽ ዋጋ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እቆጥርልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብር ነው።»

ከዚያ በኋላ ከሻለቃው ፊት ለመቅረብ ቀናት ደጅ ጠና። የገባበት ክፍል ወለሉ ጫማን የሚውጥ ምንጣፍ ነበር፤ ሻለቃውም ከመነሣት ይልቅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየው።

«ተታለልኩ ነው የምትለው?»

«አቤቱታዬን ልናገር ነው ጌታዬ።»

«በግድ የሸጠልህ አለ?»

«የለም ጌታዬ።»

«ሳንቲሙ ሐሰተኛ ነው? ማኅተሙስ?»

«ሁሉም እውነተኛ ነው ጌታዬ።»

«ሁሉ እውነት ከሆነ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ዋጋው ጌታዬ። አጥባችሁ አራከሳችሁት፤ አራክሳችሁም አስወደዳችሁት።»

ሻለቃው አልተቆጣም። «ዋጋ እውነትም ውሸትም አይሆንም» አለ፤ «ዋጋ ትእዛዝ ነው። ደግሞስ የዚያ መስኮት ገቢ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ? ለቁስለኞች ሆስፒታል እየተሠራ ነው። አንተ ሱቅ እንድትገዛ ከእግረ ቆራጣ አልጋ ልንጠቅ?»

ኮርቻ ሰፊው የዚያ ሆስፒታል ግንብ ሲነሣ በዓይኑ አይቷል፤ እግረ ቆራጣ ፈረሰኞችንም ያውቃል፤ ኮርቻቸውን የሰፋው እሱ ነው። ስለዚህ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከተሠራበት ግፍ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ የዘረፈው እጅ ሌላ ቦታ ቁስል ያጥባል፤ አቤት ሊል አፉን የከፈተ ሰውም በቁስለኛ ፊት ያፍራል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሻማ ሠሪው ወደ ሱቁ መጣ፤ እናቱ የተወችለትን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሮ ይዟል። የኮርቻ ሰፊው ሚስት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ሣጥኖቹን ሊሸጡ ነው ሲሉ ሰማሁ። ለሌላ ከሚሰጡብኝ ሁሉንም በመስኮቷ ዋጋ ልውሰድልዎ።»

ሚስትየው ባሏን አየችው። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት ያን ጊዜ በዓይኗ ለመነችው፤ አዎ በል፣ ዝም ብለህ አዎ በል። ሱቁ፣ የእንጨት ፈረሱ፣ የሚመጡት ክረምቶች ሁሉ በዚያ መሐረብ ውስጥ ተቋጥረው ነበር።

ኮርቻ ሰፊው ወስፌውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ ገንዘብህን ደብቅ» አለ። «እነዚህ የሚያወጡት የብራቸውን ሚዛን ነው። አስመዝኜአለሁ። ያንተም እንደዚያው ነው፤ ሁለተኛ ወደ መስኮቷ እንዳትሄድ።»

ወጣቱ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ገባኝ ጋሼ። ዋጋ ሊያስጨምሩኝ ነው።»

«ምን?»

«ወይም ለሌላ ቃል ገብተዋል። ግልጹን ቢነግሩኝ እኮ አልከፋም።»

«አንተ ልጅ፣ በአባቴ አጥንት! መበለቲቱ በፊቴ ነው የመዘነችው!»

«እሷማ በርካሽ ልትወስድብዎ ነዋ! እሷንና ግምጃ ቤቱን ማንን ልመን? መንግሥት ይዋሻል ጋሼ?»

ልጁ የተናገረው፣ ኮርቻ ሰፊው ራሱ ለሚስቱ ይል የነበረውን ቃል ነበር። ሻማ ሠሪው ተቀይሞ ወጣ፤ ከዚያው በቀጥታ ወደ መስኮቷ ሄደ፤ ሻለቃው በዚያ ሳምንት ዋጋ ጨምሮ ነበር፤ ልጁም የእናቱን ገንዘብ በሙሉ አፍስሶ ገዛ። በኋላም ኮርቻ ሰፊው በስስት የሆስፒታሉን ሥራ ያማል ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ፤ ሰሙንም ማምጣት ተወ።

«እውነቱን ተናገርክ» አለች ሚስትየው፤ በጀርባው በኩል። «ይሁን። ልጁን አላዳንክ፤ እኛንም አላዳንክ። እስቲ ለማን ነው የተናገርከው?»

ኮርቻ ሰፊው ወስፌውን መልሶ አነሣ። ወሩ ሲያልቅ መበለቲቱ ሣጥኖቹን ባዶ አድርጋ ብሩን በሚዛን ወሰደች፤ የአባቱንም ጨምሮ። የተገኘው ገንዘብ ዕቃ ማጓጓዣ ሆነ። የእንጨት ፈረሱ በበሩ አልወጣ ብሎ እዚያው ቀረ፤ የጨርቅ ነጋዴው ጥቅል ጨርቆቹን ይጭንበት ጀመር። ኮርቻ ሰፊው ከከተማው ዳር በሚገኝ የከብት ገበያ ጥግ፣ የተበጠሰ ጠፍር እየቀጠለ ጥቂት ዓመታት ኖሮ ሞተ። ሚስቱ ቀብራው ወደ እኅቷ ቤት ሄደች።

የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል ስለ መስኮቷ አንድ ገጽ ጽፏል። ሻለቃው ወደ ኮሎኔልነት ማደጉ፣ የሆስፒታሉም መግቢያ በስሙ መጠራቱ፣ «ሕዝቡም የነገሥታቱን ገንዘብ በታላቅ ደስታ ገዛ» መባሉ ተመዝግቧል። ስለ ዋጋው የቀረበ አቤቱታ አልተገኘም፤ በምንጣፍ ላይ ቆሞ በቃል የተነገረን የሚጽፍ ጸሐፊ አልነበረምና። የታሪክ ጸሐፊው ዋሽቷል ማለት ግን አይቻልም። ሕዝቡ በእርግጥ ተደስቶ ነበር፤ የገዛውንም ሊሸጥ ያወጣው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሣጥኑን ለልጁ እያሳየ፣ «ይህ የተቀመጠ ገንዘብ ነው» እያለ፣ በአልጋው ላይ ባለጸጋ ሆኖ ሞተ። ኮርቻ ሰፊው ድሃ ሆኖ የሞተው ዋጋውን ስለ ጠየቀ ነው።