የታጠፈው ጥግ

እኔ እንዲህ ባለው ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሙያዬ የሆስፒታል ማሽን መጠገን ነው፣ ኮሽ ያለ ሁሉ የላላ ብሎን አለው ባይ ነኝ፣ ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም መነጽር ተለካ ብዬ የማሾፍ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁም ላስፈራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ።

ሪያድ ከመጣሁ ወዲህ የያዘኝ አመል የውጭ አገር ገንዘብ መሰብሰብ ነው፣ ያውም ገበያ ያልወጣ፣ እጅ ያላሸው፣ እጥፋት የማያውቅ። ሚስቴ «ሰው ብር የሚይዘው ሊበላበት ነው፣ አንተ ልትስመው» እያለች ትስቅብኛለች። አባቴ ደግሞ በየእንቁጣጣሹ አዲስ ብር ሲሰጠን መጀመሪያ ጥጉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ደፍጥጦ እጥፍ ያደርገዋል፣ «በረከቱ እንዳያመልጥ» ይላል። ሰብሳቢ ከሆንኩ በኋላ ያን እጥፋት ሳስበው ጥርሴን ያመኝ ነበር።

በኮሮናው ዓመት አባባ አዲስ አበባ ታሞ ተኛ። በረራ ተዘግቷል፣ ሳላየው ሊሞት ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ባዲዓ በሚባለው የሪያድ ሰፈር አሮጌ ሳንቲምና ገንዘብ የሚሸጥ አቡ ሳሊም የሚባል የመናዊ ሽማግሌ አለ። አንድ ቀን ሐሳብ ሲያስጨንቀኝ ወደ እሱ ሄድኩ፣ በሙቀት በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ያለች የማዳጋስካር የገንዘብ ኖት አወጣልኝ፣ ሁለታችንም በማጉያ መነጽር አገላብጠን አየናት፣ አንድ ጭረት የላትም። በዚያው ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ ጸሎት አዛን ሆነ። እዚህ በሶላት ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ ደንበኛ ውስጥ ካለም መዝጊያው ይወርድበትና ይጠብቃል። ሽማግሌውም «ያላ፣ መጣሁ» ብሎ መብራቱን አጥፍቶ፣ ዘግቶብኝ ሄደ።

መጀመሪያ ኮሽታ ሰማሁ፣ አዲስ ብር በጣት ሲነካ የሚሰጠውን፣ ጆሮዬ የማይስተውን ድምፅ። አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጥፍር ወረቀት ላይ ተጭኖ ሲሄድ ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ኖቷን ካስቀመጥኩበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ማንም የለም፣ ላስቲኩም እንደታሸገ ነው፣ ውስጡ ያለችው ኖት ግን ጥጓ ታጥፏል። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፣ አልፈራሁም፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ኮፍያዬን አወለቅሁ።

አቡ ሳሊም ተመልሶ ላስቲኩን ዙሪያውን ዳሰሰው፣ ክፍተት አጣበት። ዋጋዋን ስጠይቀው ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ይህች የእኔ አይደለችም፣ ውሰዳት» አለኝ።

ከበሩ ሳልርቅ እህቴ ደወለች። አባባ አርፏል። እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ ጀንበር ስትጠልቅ የአንሶላውን ጫፍ በጥፍሩ ሲያጥፍ ቆይቶ «ሰጠሁት» ብሎ ዓይኑን ከደነ። ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እዚያው መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ኖቷ ዛሬም ከእኔ ጋር ናት፣ ላስቲኩን አልከፈትኩትም። አምና የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች ማግስት ግን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳያት፣ ሌላኛው ጥጓም ታጥፏል።