ሐኪሟ ያለችው ሁሉ

«አንድ ሚሊሜትር!» አለች ሐኪሟ ማስመሪያዋን ከሩሃማ አንገት ላይ አንስታ። «ስንጀምር አምስት ነበር።»

ሩሃማ መስታወቱን ተቀብላ ደጋግማ አየች። ከሁለት ዓመት በፊት ከሳይክል ወድቃ የቆሰለችበት ቦታ ድኖ አላረፈም፤ እንደ ገመድ አብጦ ሲያሳክካት ከረመ። ያን ሁሉ ጊዜ ፀጉሯን በግራ በኩል እንደ መጋረጃ ለቃ ነው የተማረችው። ዛሬ ጠባሳው ተኝቷል። በደስታ መጮህ አማራት።

«ግን ገና አላበቃንም» ሐኪሟ ቀጠለች። «ዛሬና ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሌዘሩን፣ በየጊዜው ከሌዘሩ ቀጥሎም የስቴሮይድ መርፌውን እንሰጥሻለን። አሁን ካቆምን ተመልሶ ሊያብጥ ይችላል። ለእናትሽ ንገሪያት።»

የቤቱ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሩሃማ ናት። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤም የአከራዩን ስልክም ለእናቷ የምታስረዳው እሷ ነች። ሌዘሩን ለምዳዋለች። ጉዱ መርፌው ላይ ነው፤ የደደረው ጠባሳ ውስጥ ሲገባ እስከ ጥርሷ ይሰማታል።

«ማሚ፣ አለቀ! ዛሬ ምንም የለም አለች» ስትል አጠገቧ ለተቀመጠችው እናቷ ነገረቻት።

እናቷ እልልታውን አቀለጠችው። አንዲት ነርስ ደንግጣ በሩን ከፈተች። ሐኪሟም ነገሩ ባይገባትም አብራ ሳቀች።

«ተመስገን! ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ከሰው ጋር ሺፍት ቼንጅ ሳደርግ የከረምኩት በከንቱ አልቀረም» አለች እናቷ። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። በልጅነቷ የተከተበችበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ጠባሳ ጉብ ብሏል። ሩሃማ እናቷን በበጋ እንኳ ክንዷ ተገልጦ አይታት አታውቅም።

«መርፌ ነፍሴ እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ግን ያንቺ በሦስት ጊዜ ካለቀ እኔም እችለዋለሁ። እስቲ ጠይቂልኝ።»

ሩሃማ ጉብ ያለውን ጠባሳ አየች። እናቷ ሃያ ዓመት የሸፈነችውን የገለጠችው እሷን አምና ነው። አፈረች።

«ማሚ፣ ሶሪ። ዋሸሁሽ። አላለቀም። ዛሬም አለ፣ ሌላ ቀንም አለ። ካቆምን ሊመለስ ይችላል ነው ያለችው። መርፌውን ፈርቼ ነው።»

እናቷ እጅጌዋን እንደያዘች ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሩሃማ ወደ ታች ትመልሰዋለች ብላ ጠበቀች።

«አንቺ ጉደኛ! እልልታዬን መልሺ!» አለች እናቷ። ልትቆጣ ነበር፤ ሳቅ አመለጣት። «እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ችለሽ ነው? በይ ጠይቂልኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ሩሃማ ጠየቀች። ሐኪሟ ጠባሳውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ ያረጀ ጠባሳ ብዙ ቀጠሮ ሊፈልግ እንደሚችል፣ መርፌውም እንደሚያም አስረዳች። ሩሃማ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመች፤ የሚያመውንም ጭምር።

«እሺ በያት» አለች እናቷ።

ሩሃማ ፀጉሯን ሰብስባ አናቷ ላይ አሰረችው። ወንበሩ ላይ ወጥታ የዓይን መከላከያውን መነጽር አደረገችና አንገቷን አዞረች።

«ዝግጁ ነኝ» አለች፤ መጀመሪያ ለሐኪሟ፣ ቀጥሎ ለእናቷ።