ላይኛዋና ታችኛው

መሐንዲሷ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብላለች። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ መስኮቱ። ዝናቡ ሐይቁን ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሞላው የግድቡን በር መክፈት የግድ ሆኗል። እሷን ያቁነጠነጣት ግን ሐይቁ ብቻ አልነበረም። ወደ ሌላ ተፋሰስ፣ ወደ ቤተሰቦቿ አካባቢ እንድትዛወር ተፈቅዶላታል፤ አለቃዋ መልሷን ዛሬ ይጠብቃሉ።

«ምን ያስጨንቅሻል? ወይስ ውሃ ልታገቢ ነው?» ብለዋት ነበር እናቷ።

ውሃውንስ አይደለም። የታችኛው ግድብ መሐንዲስ ነው ልቧን የያዘው። የተዋወቁት በተፋሰሱ ስብሰባ ላይ ተፋጠው ነው፤ እሷ ለበጋ መስኖ ውሃ ይቆጠብ ስትል፣ እሱ ለወንዙ ለራሱ፣ ለዓሣውና ለረግረጉ ይለቀቅ ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ «ላይኛዋ»፣ «ታችኛው» እየተባባሉ በየማለዳው የውሃ ከፍታ በስልክ ይለዋወጣሉ። ቁጥሩ ያልቃል፤ ወሬው አያልቅም። ዝውውሩን ስትነግረው ግን የዕለቱን ቁጥር ብቻ ነግሯት ስልኩን ዘጋ።

በሩ ከመከፈቱ በፊት ታችኞቹ ማወቅ አለባቸው። ደወለች፤ ያነሳችው ረዳቱ ናት።

«ልንለቅ ነው። እሱስ?»

«ወጥቷል፤ የት እንደሄደ አልነገረንም። እኛ ተዘጋጅተናል፣ ልቀቁት።»

አስከፈተች። ውሃው እያገሳ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ «ዝቅተኛው መሻገሪያ ደርሻለሁ። ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው።»

መኪና ወንዙን የሚያቋርጥበት ያ መሻገሪያ ያለው በሁለቱ ግድቦች መካከል ነው። ክው አለች።

«ዝጉት!» ብላ ጮኸች። ሐይቁ ለጥቂት ጊዜ ይችላል፣ የወጣው ውሃ ግን አይመለስም። ደወለች፤ አያነሳም። መኪናዋን አስነስታ፣ አንዴ እየጸለየች አንዴ እየረገመችው በረረች።

መሻገሪያው ጋ ስትደርስ እሱ ማዶ ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ የመኪናው የፊት ጎማዎች ውሃ ውስጥ ናቸው። በመሃላቸው ድፍርሱ ውሃ ይጋልባል። ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ስልኳ ጠራ።

«ላይኛዋ፣ ልትፈጂኝ ነበር እኮ!»

«ሳትናገር የምትመጣው ምን ነክቶህ ነው? ስልክስ ለምን አታነሳም?»

«መኪናዬን ከውሃው ልጎትት ስታገል ነበራ።»

ስልካቸውን እንደያዙ ከማዶ ለማዶ ተያዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት» አላት።

«ጠይቀኛ።»

«በስልክማ አይሆንም። ስልክ በቃኝ። ውሃው ይጉደልና ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ።»

ውሃው የሚጎድል አይመስልም። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። የሚጠይቃትን ታውቀዋለች፤ እስኪጠይቃት መጠበቁ ነው ያቃታት። አለቃዋ ጋ ደውላ «አልዛወርም» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ማዶ ደወለች።

«አንተ እዚህ ስትደርስ ጠይቅ። መልሱ እሺ ነው።»

ታችኛው ስልኩን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«ቁም! አንተ እብድ፣ ገና አልጎደለም!» ብላ ጮኸች፣ እንባዋን ሳትጠርግ እየሳቀች።