የእህቴ ትጥቅ

ይሄን የማወራው ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ደርሶብኛል። በገዛ እጄ ያመጣሁት ጣጣ ስለሆነ ነው ለማውራት ስምንት ወር የፈጀብኝ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሳሎናችን ውስጥ ፀሐይዋ እስከ ሶፋው ድረስ ገብታለች። ጨለማ የለም፣ ነጎድጓድ የለም፣ የሚያላዝን ውሻም የለም። አስፈሪ ነገር በጠራራ ፀሐይ አይመጣም የሚል ካለ ይምጣና እኔን ያናግረኝ።

ታላቅ እህቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሰኞ ጠዋት ሆዷ ላይ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው። እማዬ አብራት ናት።

እኔ... እኔ ጌም እጫወታለሁ።

ከእህቴ ጋር የምንጫወተው የጠፈር ጌም አለ። የየራሳችን ተዋጊ አለን፤ የምንኖረው ግን በአንድ መርከብ ነው። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችው ትጥቋ ላይ ብቻ ነው። ከየፕላኔቱ ብረት እየለቀመች ከደረጃ አንድ ደረጃ ዘጠኝ አድርሳዋለች። ጥይት አይበሳው፣ ብርድ አይገባበት።

የእኔ ጠመንጃስ? ደረጃ አምስት። ጓደኞቼ "ወንጭፍህን ይዘህ መጣህ?" እያሉ ነበር የሚስቁብኝ።

ሆስፒታል የገባች ቀን እህቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው።

"ትጥቄን እንዳትነካ።"

"ምን በወጣኝ!" አልኳት።

ያን ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ውድድር ነበረን። ጠመንጃዬን ባንዴ ደረጃ አስር የማደርስበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ደረጃ ዘጠኝ የደረሰ ትጥቅ ፈትቼ ብረቱን መውሰድ።

ከሆስፒታል እስክትወጣ መልሼ እሠራላታለሁ አልኩ። ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

መርከቡ ውስጥ ወዳለው የጥገና ክፍል ገባሁ። የእሷ ተዋጊ ጥጉ ላይ ቆማለች። "ፍታ" የሚለውን ነካሁ። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ።

"ባለቤቷ ፈቅዳለች?"

መልሱ የሚሰጠው በባለቤቷ ጆይስቲክ ብቻ ነው። የእሷ ጆይስቲክ ደግሞ ሶፋው ላይ፣ አጠገቤ ነው ያለው...

አነሳሁት። በእሷ ፈንታ "አዎ" አልኩ።

ትጥቅ ለመፍታት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ያን ቀን ግን...

አንድ ብሎን። ቆየ።

ሌላ ብሎን።

ብረቱ አንድ በአንድ እየተነቀለ ወደቀ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቼው ነበር። ብረቱ ወለሉን ሲመታ ግን ሰማሁት።

ከትጥቁ ስር ሁልጊዜ ያለው ግራጫ ቱታ ነው። አሁን የለበሰችው... ከኋላ በክር የሚታሰር ሰማያዊ ቀሚስ ነው። የሆስፒታል ቀሚስ።

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ትንቀጠቀጣለች።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

"ልጄ፣ ስትመጣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘህ ና። እህትህን ብርድ ብርድ አላት። ሦስት ደርቤላት እንኳ አልሞቃትም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሁን። አሁን ነው የጀመራት።"

ከእማዬ ኋላ ሹክሹክታ ሰማሁ። "እማዬ፣ ስልኩን ስጪኝ..."

"አንተ..." አለችኝ እህቴ።

"አቤት፣ እታለም።"

"ትጥቄ ደህና ነው?"

ያኔ "ወሰድኩት፣ ይቅር በይኝ" ብል ምን ነበረበት? ጌም እኮ ነው። ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ታየኛለች... አፈርኩ።

"ደህና ነው" አልኳት።

ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

"እሺ" አለችና ዘጋችው።

ትጥቁን መልሼ ልገጥምላት ሞከርኩ። አልሆነም፤ አንዴ የተፈታ አይመለስም። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አስር ሰዓት ላይ ተወዳደርኩ። አሸነፍኩም። ይሄን ሳወራ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ብርዱ ግን አልለቀቃትም። ሐኪሞቹ መርምረው መርምረው "ምንም የለባትም" አሉ። ቤት ከገባች በኋላም ቀን በፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። እማዬ እግሯን እያሸች የምትለው አንድ ነው።

"እኔን ይብረደኝ፣ ልጄ። ያንቺን ለእኔ ያድርገው።"

ይሄን ስሰማ ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ ወራት አለፉ።

ያለፈው እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እህቴን ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ስታጥብ አገኘኋት። የለበሰችው አንድ ሹራብ ብቻ ነው።

"ዛሬ አልበረደሽም?"

"ተሻለኝ።"

አፌን የፈታው ደስታው ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም ነገርኳት። አጎንብሼ፣ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ።

"አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ። "በእኔ ፈንታ አዎ ስትል ሰምቼሃለሁ።"

እርጥብ እጇን ጠርጋ አቀፈችኝ። እኔም ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳት...

እጄ ጀርባዋ ላይ ደርቆ ቀረ።

ከሹራቡ ስር ጠንካራ ነገር አለ። ቀዝቃዛ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በላይ በላዩ የተደረደረ።

"ቀስ..." አለችኝ ጆሮዬ ስር። "ብሎኑ ገና አልጠበቀም።"

"እታለም... ከየት አመጣሽው?"

"እኔ እንዳንተ አልሰረቅኩም። አስፈቅጄ ነው የወሰድኩት።"

በትከሻዋ አሻግሬ በመስኮቱ አየሁ። እማዬ ግቢው መሃል፣ ቀትር ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ብርድ ልብስ ተከናንባለች።

ትንቀጠቀጣለች።